የረግረግ ቄጠማን ከነዝርያው መለየት፦ ከእግሩ እስከ ፍሬው

ረግረግ ዳር የበቀለ ቄጠማ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። አረንጓዴ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው ሳር ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንድ ኩሬ ጠርዝ ላይ፣ በጥቂት ሜትር ውስጥ፣ አራት አምስት ዝርያ ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል። የቄጠማ ቤተሰብ በዓለም ላይ 5,500 ገደማ ዝርያዎች አሉት። ካሬክስ የሚባለው ወገን ብቻውን 2,000 ገደማ ይይዛል።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቄጠማን በቁመቱና በአረንጓዴነቱ ለመለየት አትሞክሩ። ያው አንዱ ዝርያ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይረዝማል፣ ውሃው ሲሸሽ ያጥራል። ቀለሙም ከወቅት ወቅት ይቀያየራል። ብዙም የማይለዋወጠው ፍሬው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትሆን ደረቅ ፍሬ ናት። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደ እሷ የሚወስዱ ናቸው።

መቼ መሄድ፣ ምን መያዝ

አበባው ሲፈነዳ ሳይሆን ፍሬው ሲበስል ሂዱ። ራሱን፣ ማለትም አበባና ፍሬ የያዘውን የላይኛውን ክፍል፣ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ስታሹት ፍሬው መርገፍ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ በላይ ከዘገያችሁ ባዶውን ታገኙታላችሁ። በብዙ ዝርያዎች ከታች ያለው ክፍል ሲበስል ከላይ ያለው ገና ስለሚያብብ፣ አንድ ራስ ላይ ሁለቱንም የማየት ዕድል አለ። ከሁሉ የሚመረጠውም ይኼ ነው።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ዋናው ነው፤ 20 ጊዜ የሚያጎላ ካላችሁ ደግሞ እሰየው። ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ፣ ስለታም ምላጭ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ፣ አንድ ነጭ ወረቀትና ትናንሽ የወረቀት ፖስታዎች ጨምሩ። ማስታወሻ በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

ጭቃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጥልቀቱን በዱላ ለኩ። በሞቃት አገሮች ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እግር አትግቡ፤ ረጅም ቦቲ ይሻላል። ቦታው ጥብቅ ስፍራ ከሆነ ተክል ለመቁረጥ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ቄጠማ ነው?

አገዳውን መሃሉ ላይ በሁለት ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት። ሦስት ጠርዝ ከተሰማችሁ ቄጠማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ክብ ከሆነባችሁ ግን ቶሎ አትጣሉት። ክብ አገዳ ያላቸው ቄጠማዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ፤ አራቱን አንድ ላይ እዩ።

አንደኛ፣ አንጓ ፈልጉ። የሳር አገዳ አበጥ ያለ አንጓ አለው፣ በአንጓና በአንጓ መካከልም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የቄጠማ አገዳ ከእግሩ እስከ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። በምላጭ ስትቆርጡት ውስጡ በነጭ፣ አየር ባለው ስፖንጅ መሰል ነገር የተሞላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ተክሉን ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። የሳር ቅጠሎች በሁለት አቅጣጫ ይወጣሉ፤ አንዱ በግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ። የቄጠማ ቅጠሎች ግን በሦስት አቅጣጫ ነው የሚወጡት።

ሦስተኛ፣ የቅጠሉን ሽፋን ሞክሩት። ሽፋን የምለው አገዳውን የሚያቅፈውን የቅጠሉን የታችኛውን ክፍል ነው። በአብዛኛው ሳር ላይ ይኼ ሽፋን በአንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ሳይቀደድ ይገለጣል። በቄጠማ ላይ ዙሪያውን የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ልክፈተው ካላችሁ ይቀደዳል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ግሊሴሪያ የሚባለው ውሃ ወዳድ ሳር ሽፋኑ የተዘጋ ነው። እሱን የሚያጋልጠው አንጓውና በሁለት አቅጣጫ የሚወጣው ቅጠሉ ነው።

አራተኛ፣ አበባው። የጁንከስ ወገኖች በክብ አገዳቸው ምክንያት ከቄጠማ ጋር በጣም ይምታታሉ። በአጉሊ መነጽር ስታዩዋቸው ግን እያንዳንዱ አበባ ስድስት ትናንሽ ደረቅ ቅጠሎች ከበውት ይገኛል፤ ፍሬውም ሲከፈት ብዙ ዘር ይዟል። የቄጠማ አበባ በአንዲት ቅርፊት ስር የተሸጎጠ ነው፣ የሚሰጠውም አንዲት ባለ አንድ ዘር ፍሬ ብቻ ነው። ፊላ ደግሞ ወፍራም ቡናማ ራሱ ማንነቱን ይናገራል፤ ብዙ አያለፋም።

ደረጃ 2፦ ከመቁረጣችሁ በፊት አካባቢውን ጻፉ

እዚህ ላይ ፈጠን እንበል፣ ግን አትዝለሉት። ውሃ ውስጥ ነው የቆመው ወይስ ጠርዙ ላይ? ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ይፈሳል ወይስ የቆመ ነው? ጨዋማ ነው? ተክሉ ብቻውን በጉቶ መልክ ነው የበቀለው ወይስ ሰፊ ቦታ ሸፍኖ? የሙሉውን ተክል ቁመትም አሁኑኑ ለኩ። ከተቆረጠ በኋላ የሚጠፋው መረጃ ይኼ ነው።

ደረጃ 3፦ እግሩንና ከመሬት በታች ያለውን እዩ

ብዙ ሰው ራሱን ቆርጦ ይሄዳል። እግሩን ካላያችሁ ግን ግማሹን ማስረጃ ረግረጉ ውስጥ ትታችሁ ነው የሄዳችሁት። ጭቃውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡና እጠቡት።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። ተክሉ ስሩ አንድ ላይ የታጨቀ ጉቶ ነው ወይስ ራይዞም የሚባለው አግድም የሚሄድ የመሬት ውስጥ ግንድ አለው? ራይዞሙ ወፍራም ነው ቀጭን? በላዩ ላይ ድንች መሰል እብጠት አለው?

የእብጠቱ አቀማመጥ አንዳንዴ ብቻውን ዝርያ ይለያል። እርጥብ መሬት የሚወዱ ሁለት የሚምታቱ ዝርያዎችን እንይ። ሳይፐረስ ሮቱንደስ እብጠቶቹ በአንድ ራይዞም ላይ ተከታትለው በሰንሰለት ነው የሚቀመጡት። ሳይፐረስ ኤስኩሌንተስ ደግሞ በእያንዳንዱ ራይዞም ጫፍ ላይ አንድ አንድ ነው የሚይዘው። ከላይ ሲታዩም የሮቱንደስ ራስ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፣ የኤስኩሌንተስ ወደ ወርቃማ ገለባ ቀለም። የበሰለ ራስ ቀለም እንዲህ ለድጋፍ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም።

የመጨረሻው ነገር በእግሩ ዙሪያ ያሉት ሽፋኖች ናቸው። ቀለማቸውን ጻፉ፦ ገለባማ፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ወይንጠጅ ወይስ ጥቁር? ሲያረጁ ወደ ክር ይበጣጠሳሉ? በካሬክስ ላይ ይኼ ትልቅ መለያ ነው። ቅጠል አልባ የሚመስሉ ቄጠማዎችም ቅጠላቸው ወደ ሽፋን ብቻ የተቀነሰ ስለሆነ፣ ቅጠል የለውም ከማለታችሁ በፊት እግሩን ፈትሹ።

ደረጃ 4፦ አገዳውን ቁረጡ

አገዳውን መሃሉ ላይ በምላጭ አግድም ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። ቅርጹ ሹል ባለ ሦስት ጠርዝ ነው? ጠርዙ የደነዘዘ ሦስት ማዕዘን ነው? ወይስ ክብ? ቁርጡን ማስታወሻችሁ ላይ በእርሳስ ሳሉት፤ ጥሩ ሥዕል መሆን የለበትም። የት እንደቆረጣችሁም ጻፉ፤ ያው አንዱ አገዳ ከታች ክብ፣ ከራሱ ስር ባለ ሦስት ጠርዝ ሊሆን ይችላል።

ክብ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ። አገዳውን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ዳስሱት። በየተወሰነ ርቀት እንቅፋት ነገር ከተሰማችሁ፣ ውስጡ አግድም ግድግዳዎች አሉት ማለት ነው። ሳይፐረስ አርቲኩላተስ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሲደርቅ ደግሞ ግድግዳዎቹ ከውጭ በዓይን ይታያሉ። ይኼን ያየ ሰው አንጓ ነው ብሎ ሳር እንዳያደርገው፤ ከውጭ ቅጠል የሚወጣበት አንጓ አይደለም።

ቅጠል ካለው ስፋቱን በሚሊ ሜትር ለኩ። ጠርዙን ከጫፍ ወደ እግር በጥንቃቄ ዳብሱት። ክላዲየም ማሪስከስ ጠርዙ መጋዝ ነው፣ እጅ ይቆርጣል። ቅጠሉ አገዳውን የሚለቅበት ቦታ ላይ ስስ ቆዳ መኖሩንም እዩ። በካሬክስ ላይ የዚህች ቆዳ ርዝመትና ቅርጽ፣ ሹል መሆኗ ወይም ክብ መሆኗ፣ መለያ ቁልፎች (በጥያቄ እየመሩ ወደ ዝርያው የሚያደርሱ ዝርዝሮች) ውስጥ ደጋግሞ ይጠየቃል።

ደረጃ 5፦ ራሱ እንዴት ነው የተሠራው?

አሁን ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ ከራሱ ስር የሚወጡትን ቅጠሎች ቁጠሩ። የራስጌ ቅጠሎች እንበላቸው። ስንት ናቸው? ከራሱ ይረዝማሉ ወይስ ያጥራሉ? ተዘርግተዋል ወይስ ቀጥ ብለው ቆመዋል?

ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ የራስጌ ቅጠል ብዙ ሰው ያሳስታል። በስኩኖፕሌክተስ ወገን ላይ ይኼ ቅጠል የአገዳው ቅጥያ ይመስላል። በዚህ ምክንያት አበባው ከአገዳው ጎን የወጣ ሆኖ ይታያል። በእውነቱ አገዳው የሚያበቃው አበባው ጋ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቅጠል ነው።

ቀጥሎ ዛላውን ፈልጉ። ዛላ የምለው ቅርፊት በቅርፊት የተደራረበችውን ትንሿን የአበቦች ስብስብ ነው። አንዲት ዛላ ብቻ በአገዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ምንም የራስጌ ቅጠል ሳይኖር፣ እግሩም ላይ ሽፋን ብቻ ከሆነ፣ ኤሊዮካሪስ መሆኑን ጠርጥሩ። ዛላዎቹ በብዙ ዘንግ ላይ ተዘርግተው ከሆነ ሳይፐረስ ሊሆን ይችላል። ጥቅጥቅ ብለው አንዲት ክብ ወይም ሞላላ ራስ ሠርተው፣ ከስሯ ጥቂት ቅጠሎች ተዘርግተው ከሆነ ደግሞ ኪሊንጋ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። ፍሬው ሲደርስ ነጭ ጥጥ የሚያወጣው በቀዝቃዛ አገር ረግረግ ላይ የሚበቅለው ኤሪዮፎረም ነው፤ እሱን ማንም አይስተውም።

ደረጃ 6፦ ዛላውን በአጉሊ መነጽር ክፈቱ

እዚህ ቁጭ በሉ። ነፋስ ከሌለበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል። አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ያዙ፣ ዛላውን በወረንጦ ወደ መነጽሩ አምጡ። ብዙ ሰው መነጽሩን ወደ ተክሉ ይወስድና ምንም አልታይህ ይለዋል።

ጥያቄ አንድ፦ ቅርፊቶቹ እንዴት ነው የተደረደሩት? በሳይፐረስ ላይ በሁለት ረድፍ፣ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ናቸው። ዛላውን ከጎን ስታዩት ጠፍጣፋ ነው፣ የቅርፊቶቹ ጫፎች ግራ ቀኝ ይታያሉ። በኤሊዮካሪስ፣ በስኩኖፕሌክተስ፣ በቦልቦስኩኑስ እና በአብዛኛው ፊምብሪስታይሊስ ላይ ግን ቅርፊቶቹ ዙሪያውን ይጠመዘዛሉ፤ ዛላው ድብልብል ነው። ይኼ አንድ ጥያቄ ብቻ የዕጩዎቹን ቁጥር በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ጥያቄ ሁለት፦ ስቲግማው ስንት ነው? ስቲግማ ከቅርፊቱ ወጥቶ የሚታየው ክር መሰል የሴቴው ክፍል ጫፍ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ቢያንስ ከአምስት ስድስት አበባ ላይ ቁጠሩ፤ አንዱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ረግፎ ከሆነም አትጨነቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስቲግማ የነበረው አበባ ሁለት ፊት ያላት ጠፍጣፋ ፍሬ ይሰጣል። ሦስት የነበረው ሦስት ፊት ያላት ፍሬ ይሰጣል። ስለዚህ ፍሬዋን ካገኛችሁ የጠፋው ስቲግማ ቁጥርም ይገኛል።

ይኼ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ጥንድ ላሳያችሁ። ስኩኖፕሌክተስ ላኩስትሪስ እና ስኩኖፕሌክተስ ታቤርኔሞንታኒ ሁለቱም ረጅም፣ ክብ፣ ቅጠል አልባ የሚመስሉ ናቸው። ከሩቅ ማንም አይለያቸውም። ላኩስትሪስ በአብዛኛው ሦስት ስቲግማ አለው፣ ቅርፊቱም ለስላሳ ነው። ታቤርኔሞንታኒ ሁለት ስቲግማ አለው፣ ቅርፊቱ ላይ ደግሞ ቀይ ቡናማ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። ሦስት ሜትር የሚደርሰውን ተክል የሚለየው ነጠብጣቡ ነው።

ደረጃ 7፦ ፍሬዋ

ቅርፊቱን በወረንጦ ወደ ታች ሳቡት። ከስሩ ያለችውን ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሏት። ከማስመሪያው አጠገብ አድርጋችሁ ለኳት። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ሂዱ።

ፍሬዋ ከረጢት ውስጥ ናት? በካሬክስ ላይ ፍሬዋ ብቻዋን አትታይም። ዙሪያዋን የዘጋ፣ ጫፉ ላይ ምንቃር ያለው ከረጢት ይሸፍናታል። ከረጢቱን ስትቀዱት ፍሬዋ ውስጥ ትገኛለች። ከረጢት ካለ ወገኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ዝርያውን የሚለየው የከረጢቱ ርዝመት፣ ጅማቶቹ፣ ፀጉር መኖሩና የምንቃሩ ቅርጽ ነው። ለምሳሌ ካሬክስ ሮስትራታ እና ካሬክስ ቬሲካሪያ ሁለቱም ያበጠ ከረጢት አላቸው። የሮስትራታ ከረጢት በድንገት ጠብቦ ነው ምንቃር የሚሆነው፣ አገዳው ጠርዙ የደነዘዘ ነው፣ ቅጠሉም ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል። የቬሲካሪያ ቀስ በቀስ እየሾለ ይሄዳል፣ የአገዳው ጠርዝም ስለታም ነው።

በፍሬዋ ግርጌ ፀጉሮች አሉ? ኤሊዮካሪስና ስኩኖፕሌክተስ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሸካራ ፀጉሮች ፍሬዋን ከስር ይከቧታል። በ20 ጊዜ ማጉያ ስታዩዋቸው ወደ ታች ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሏቸው። ሳይፐረስ እነዚህ ፀጉሮች የሉትም። ፀጉር ያለውን ሳይፐረስ ነው የሚል ስም ከተሰጣችሁ እንደገና ጀምሩ።

በጫፏ ላይ ቆብ መሰል ጉብታ አለ? ካለና ከፍሬዋ ጋር ተጣብቆ ከቀረ ኤሊዮካሪስ ነው። የጉብታው ስፋትና ቁመት ዝርያዎቹን እርስ በርስ ይለያል። በፊምብሪስታይሊስ ላይም የስታይሉ፣ ማለትም ስቲግማውን የሚሸከመው ክር፣ እግር ያብጣል፤ ግን ሲበስል ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። በሪንኮስፖራ ላይ ደግሞ ጉብታው ረዝሞ ምንቃር ይሆናል።

የፍሬዋ ገጽ እንዴት ነው? ለስላሳ፣ ነጠብጣብ ያለው፣ መረብ የመሰለ፣ ወይስ አግድም የተሸበሸበ? ከብዙ ዝርያዎች መካከል አንዱን የሚለየው አንዳንዴ ይኼ ብቻ ነው። ፍሬዋን በወረንጦ እያገላበጣችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታት አድርጉ። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመታ ሽብሽቡ ይጠፋል።

ለሳይፐረስ አንድ የረቀቀ ጥያቄ ይቀራል። ፍሬዋ ጠፍጣፋ ከሆነች፣ ወደ ዛላው ዘንግ የዞረው ጠርዟ ነው ወይስ ፊቷ? ጠርዟ ከሆነ ፒክሬየስ የሚባለው ቡድን ነው። ሰፊ ፊቷ ከሆነ ደግሞ እንደ ሳይፐረስ ሌቪጋተስ ያሉት ናቸው። ይኼን ለማየት ፍሬዋን ከቦታዋ ሳትነቅሉ ቅርፊቷን ብቻ መግለጥ አለባችሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ያዋጣል።

ስለ ስሞችም አንድ ነገር ልጨምር። የቆዩ መጻሕፍት ፒክሬየስንና ኪሊንጋን ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች አድርገው ነው የሚያቀርቡት። በቅርብ ዓመታት በዘረመል ጥናት ምክንያት ሁለቱም ወደ ሳይፐረስ ተጠቃለዋል። ስኩኖፕሌክተስና ቦልቦስኩኑስም ድሮ ስኪርፐስ ይባሉ ነበር። ሁለት መጽሐፍ ሁለት ስም ቢሰጣችሁ አንዱ ተሳስቷል ብላችሁ አትደምድሙ።

አብረን እንለይ፦ ደንገል ነው ወይስ መሳዩ?

ውሃ ዳር ረጅም አገዳ፣ ከላይ ደግሞ ዙሪያውን የተዘረጋ ራስ ያለው ተክል አገኘን እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው ደንገል ይለዋል። ደንገል በሳይንሱ ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው፤ የጥንት ግብፃውያን የመጻፊያ ወረቀት ያወጡበት ተክል ነው። እኛ ግን በደረጃው እንሂድ።

እግሩን አጠብን። ወፍራም ራይዞም አለው፣ አገዳውን ከስር ቡናማ ሽፋኖች ከበውታል፣ ቅጠል የለም። አገዳውን ቆረጥን። ጠርዙ የደነዘዘ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ መሰል ነው። እስካሁን ደንገልን የሚቃወም ነገር የለም። ግን ገና ምንም አላረጋገጥንም፤ ሌሎችም ሳይፐረሶች እንዲህ ናቸው።

ወሳኙ ራሱ ላይ ነው። ያ የተዘረጋው አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው? ቅጠል ነው ወይስ ዘንግ? አንዷን ያዙና ከእግሯ እስከ ጫፏ ተከተሏት። ጠፍጣፋ ሆና፣ ጫፏ ላይ ምንም አበባ ሳይኖር ሾላ ካበቃች የራስጌ ቅጠል ናት። እንግዲያው ተክሉ ደንገል አይደለም። በየግቢው ለውበት የሚተከለው ሳይፐረስ አልተርኒፎሊየስ ሊሆን ይችላል። የእሱ የራስጌ ቅጠሎች ብዙና ሰፋፊ ናቸው፣ ከአበባው ዘንግ በጣም ይረዝማሉ፣ ተክሉም አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ቁመት አይበልጥም።

የያዛችኋት ነገር ክር የመሰለች ቀጭን ሆና፣ ጫፏ ላይ ትናንሽ ዛላዎችና ሌሎች ቀጫጭን ቅጠሎች ከያዘች ግን ዘንግ ናት። ደንገል ላይ የተዘረጋው በሙሉ ማለት ይቻላል ዘንግ ነው። ቁጥራቸው ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። የራስጌ ቅጠሎቹ ጥቂትና አጫጭር ስለሆኑ ከዘንጎቹ ስር ተደብቀው ነው የሚገኙት። ፈልጋችሁ ግለጧቸው።

አሁን ዛላውን ክፈቱ። ቅርፊቶቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፣ ስቲግማው ሦስት ነው፣ ፍሬዋ ሦስት ፊት አላት፣ ግርጌዋ ላይ ፀጉር የለም። ሳይፐረስነቱ ተረጋገጠ። የቀረን አንድ መሳይ ነው፤ ድንክ ፓፒረስ የሚባለው ሳይፐረስ ፕሮሊፈር። እሱም ራሱ በብዙ ዘንግ ነው የተሠራው፣ ግን ተክሉ አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ አገዳውም ቀጭን ነው። ሙሉ የደረሰ ደንገል እስከ 5 ሜትር ይቆማል፣ አገዳው እግሩ ላይ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነው። ቁመትን አትመኑ ያልኩት ለተቀራረቡ ልዩነቶች ነው፤ አንድ ሜትርና አምስት ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው። ያም ሆኖ የለካችሁት ተክል ፍሬ የያዘ መሆን አለበት፤ ገና የሚያድግ ደንገልም አጭር ነውና።

ስሙን ስትጽፉ

ያያችሁትን ያህል ብቻ ጻፉ። ፍሬዋን አይታችሁ ሁሉም ምልክት ከገጠመ የዝርያውን ስም ጻፉ። ፍሬ ካላገኛችሁ ወገኑ ላይ አቁሙ፤ ሳይፐረስ ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለበትም። የተሳሳተ ሙሉ ስም ከእውነተኛ ግማሽ ስም ይብሳል፤ ሌላው ሰው አምኖ ይወስደዋላ። የትኛውን ምልክት አይታችሁ እንደወሰናችሁም ከስሙ ጎን አስፍሩ።

ፎቶ ስታነሱ አንድ የሚያምር ሙሉ ምስል ብቻ ብዙ አይረዳም። እግሩን፣ የተቆረጠውን አገዳ፣ የራስጌ ቅጠሎቹን፣ ዛላውን ከጎን፣ ፍሬዋንም ከማስመሪያ ጋር ለየብቻ አንሱ። ፍሬዋን በአጉሊ መነጽር በኩል በስልክ ማንሳት ይቻላል፤ መነጽሩን ከስልኩ ካሜራ ጋር አጣብቃችሁ፣ ስልኩን ሳይሆን ፍሬዋን ወደፊትና ወደኋላ እያደረጋችሁ ጥራቱን ፈልጉ።

ናሙና ለማስቀመጥ

ያልለያችሁትን ተክል ለባለሙያ ለማሳየት ከፈለጋችሁ ናሙና አድርቁ። ከነራይዞሙ ንቀሉት፣ እጠቡት፣ በጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ ክብደት ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ረጅም ተክል ከሆነ ሳይቆረጥ እጠፉት፤ እጥፋቱ የት እንደሆነ ግልጽ ይሁን። የረገፉትን ፍሬዎች በወረቀት ፖስታ ሰብስባችሁ ከናሙናው ጋር አያይዙ። ላስቲክ አትጠቀሙ፣ እርጥበት ይይዛል።

ከናሙናው ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የውሃውን ጥልቀት፣ የተክሉን ሙሉ ቁመት፣ ሲደርቅ የሚለወጠውን ቀለም ሁሉ ጻፉ። እንደ ደንገል ያለ ሙሉው የማይገባ ተክል ከሆነ ሦስት ቁራጭ ይበቃል፦ እግሩ ከራይዞሙና ከሽፋኖቹ ጋር፣ ከአገዳው መሃል አንድ ጣት የሚያህል፣ ከራሱ ደግሞ የራስጌ ቅጠሎቹን ጨምሮ ጥቂት ዘንጎች። በሦስቱም ላይ አንድ አይነት ቁጥር እሰሩ፣ የቀሩትን ዘንጎች ብዛትም ከመጣላችሁ በፊት ቁጠሩ።